ካልሳተ አለቀለት

አባቴ ሲያንሾካሹክ ጎረቤት ይሰማው ነበር። ጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ የመዶሻው ማሽን ሠራተኛ ነው፤ ጆሮውን የበላው ያ ማሽን ነው። ሚስጥር ያለው ቀን እናቴን ወደ ጓዳ ይጠራትና በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ከዚያ ድምፁን የቀነሰ እየመሰለው ቤቱን ያናጋዋል። እናቴ ግን የእውነት ነው የምታንሾካሹከው። ስለዚህ የቤታችንን ሚስጥር ሁሉ የማውቀው ግማሹን ብቻ ነበር፤ የአባቴን ግማሽ።

ስምንት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ ከጓዳ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

"ውስጡ ቂም ከያዘ ሲሞቅ ይወጣል!"

እናቴ የሆነ ነገር አለች።

"ወንድምሽ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? እሁድ ወደ ካባው እወስደዋለሁ፤ እዚያ ይለይለታል። ከሳተ እሰየው፣ ጣጣው ለኔ ይሁን። ካልሳተ ግን አለቀለት!"

ከዚያ የእናቴ ለቅሶ መጣ። እርሳሴን እንደጨበጥኩ ደርቄ ቀረሁ። ካባው ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል ነው፤ እሁድ እሁድ ሰው አይደርስበትም።

ወንድሟ አጎቴ ነው። ያን ሰዓት ከጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ ተኝቷል። ቀለም ቀቢ ነው። በደህናው ጊዜ ቤታችን ከመጣ አፍንጫዬ ላይ ቀለም ሳያስነካኝ አይሄድም፤ የጎረቤቶቻችንን አረማመድ አንድ በአንድ እየቀዳ ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኛል። "ድምቡሼ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ ድምፁ ወፍራም፣ እጁን ግራሶ የማይለቀው፣ "ደህና አደርሽ?" ሲለኝ እንኳ የተቆጣኝ የሚመስል ሰው ነበር። ከሁለቱ ማንኛውን እንደምፈራ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አጎቴና ጓደኛው ፀጉር ቆራጩ አብረው አደን ወጥተው ነበር። ፀጉር ቆራጩ በሰው ሸክም ተመለሰ፤ ሞቶ። ለኔ "ጫካ ውስጥ አደጋ ደረሰበት" ከማለት በቀር ማንም ምንም አልነገረኝም። አጎቴ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሚዳቋ አይቼ ተኮስኩ ብሏል። ጓደኛዬ ከሚዳቋዋ በስተቀኝ ነበር፣ ጠመንጃው ወደ ቀኝ ሳተና እሱን መታው፣ ተሸክሜው ወንዝ ስሻገር ጠመንጃዬን ውሃ ወሰደው ብሏል። ፖሊሶቹ ወንዙን ሲያስሱ ሰነበቱ።

ጠመንጃው ግን ወንዝ ውስጥ አልነበረም። ወላጆቼ አልጋ ሥር ነበር።

የጠፋ ጫማዬን ስፈልግ ነው ያየሁት። በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ የማሽን ዘይት ይሸታል። ጫፉን ገለጥ ሳደርገው ክቡ ጥቁር አፉ ግንባሬ ፊት ሆነ። እሱም ያየኝ መሰለኝ። ብርድ ልብሱን መልሼ፣ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ ኋላ ወጣሁ። ጫማውን ተውኩት። በአባቴ አልጋ ሥር ያለ ጠመንጃ የአባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ቂም ይዟል፤ እሁድ አጎቴን ካባ ወስዶ ይተኩስበታል፤ ካልሳተው አለቀለት። ነገሩ ለኔ እንደ ሁለት ሲደመር ሁለት ነበር።

ጠመንጃው ግን የአጎቴ ነበር። አልጋው ሥር እንዲቀመጥ ለእናቴ የሰጣትም እሱ ነው። "ለባልሽ ብዬ ነው የደበቅኩት" ብሏት ነበር። "የጠመንጃው ቧንቧ ላይ የሱ የሥራ ምልክት አለ። ፖሊስ እጅ ቢገባ ሰው የገደለው የማን ሥራ ነው የሚባለው?" አባቴ ይህን ከሰማ ወዲህ እህል አስጠላው።

ቂሙም የሰው ቂም አልነበረም፤ የብረት ነው። አንድ ቀን ምሳውን ልናደርስለት ከእናቴ ጋር ሄደን፣ ዘበኛው ማሽኑን በበር በኩል አሳይቶኛል። አጭርና ወፍራም፣ መሃሉ የተቦረቦረ ብረት ይገባል። አራት መዶሻዎች ከአራት አቅጣጫ ከበው ይቀጠቅጡታል፤ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በጥርስ ነው የሚሰማው። ብረቱ በሌላው በኩል ቀጥኖና ረዝሞ፣ የጠመንጃ ቧንቧ ሆኖ ይወጣል። መሃሉ ላይ የተሰካው ጠንካራ ዘንግ ጠመዝማዛ መስመር ተቀርጾበታል፤ መዶሻው ሲመታ መስመሩ በብረቱ ውስጥ ይታተማል። ጥይቷን እያሽከረከረ ቀጥ አድርጎ የሚሰዳት እሱ ነው። ሀብታም የሚገዛው ጠመንጃ ቧንቧው በስለት ቀስ እየተባለ ነው የሚፋቀው። የአባቴ ግን ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል፤ ስለዚህ ገበሬም ቀለም ቀቢም ይገዛዋል። አዳኞች ያሙታል። ብረት ሲደበደብ ውስጡ ቂም ይይዛል፣ ደጋግመህ ስትተኩስበት ይሞቅና ይጣመማል፣ ከዚያ ይስታል ይላሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላ ነበር። "ምድጃ አስገብተን ቂሙን እናወጣለታለን! ርካሽ ማለት ውሸታም ማለት ነው እንዴ?" ይላል። አሁን ግን ሰው ሞተ፤ እሱም ተጠራጠረ። የፈለገው ጠመንጃው እንዲስት ነበር። ቢስት ጥፋቱ የሱ ይሆናል፤ የሚስቱ ወንድም ይተርፋል።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ልብስ ስታሰጣ ጠብቄ ወደ አጎቴ ክፍል ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይነክሳል።

"አጎቴ፣ ነገ አትሂድ" አልኩት።

"የት?"

"ካባው ጋ። አባዬ ቂም ይዟል።"

መጀመሪያ ሳቅ አለ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ ተለወጠ። ክንዴን ያዘኝ።

"ማነው የነገረሽ? ሌላስ ምን ሰማሽ?"

"ምንም።"

"ስለ ፀጉር ቆራጩ እህት ያወሩት ነገር አለ?"

"የለም። አጎቴ፣ እጄን አመመኝ።"

ለቀቀኝ። የጣቶቹ ምልክት ክንዴ ላይ ቀላ። ፈርቷል ማለት ነው ብዬ አዘንኩለት። "አይዞህ፣ እኔ አብሬህ አለሁ" አልኩት።

እሁድ ጠዋት እናቴ ፊቴን አሳጥባ፣ ቢጫ አበባ ያለበትን ቀሚሴን አለበሰችኝ። ሠርግ የምንሄድ ነበር የሚመስለው። አባቴ ረጅሙን ጥቅል ትከሻው ላይ አጋድሞ በር ላይ ቆሟል።

"ከአባትሽ ጋር ትሄጃለሽ" አለችኝ።

"እሷ እዚያ ምን ትሠራለች?" አለ አባቴ።

"ነፋስ ይንካት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ተኩስ ያለበት ቦታ ሕፃን..."

"ትሄዳለች አልኩህ።" እናቴ አባቴን እንደዚያ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብላ ቀሚሴን ሳያስፈልገው እያስተካከለች፣ "ከአጠገባቸው እንዳትርቂ። ሰማሽ? ከሁለቱም" አለችኝ።

የራሴን ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ እንዴት አስችሎሽ ላክሽኝ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። "ሁለቱም ይወዱሽ ነበር" አለች ቀና ሳትል። "ልጅቷ ፊት ምንም አይፈጥሩም ብዬ ነው።" እኔም ዓይኗን ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ነው ብዬ ተውኩት።

መንገዱን ሁሉ አጎቴ አንዲት ቀልድ አልወጣውም። እጁን ይዤዋለሁ፤ መዳፉ ያልበዋል። ካባው ውስጥ ነጭ የድንጋይ ብናኝ ጫማ ይውጣል፤ የሠራተኞቹ አካፋዎችና አንድ ጎማው የተነፈሰ ጋሪ ብቻ ናቸው ያሉት። አባቴ ከገደሉ ሥር በከሰል ጥቁር ክብ የተሳለበት ካርቶን ሰቀለ። ከዚያ ወደኛ ተመልሶ አሸዋ የሞላበት ጆንያ ድንጋይ ላይ አጋደመ፤ ጠመንጃውን አሳረፈበት። መጥቶ ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ሲወትፍልኝ ሁለቴ ከእጁ ወደቀበት። የንዴት ነው ብዬ አሰብኩ።

አጎቴ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወገቡን በሁለት እጄ አቀፍኩት። እኔ ከተጣበቅኩበት አባዬ አይተኩስበትም።

የመጀመሪያው ተኩስ ገደሉን ሁሉ አስጮኸው። አባቴ መቀርቀሪያውን ስቦ ቀለሁን አወጣ፣ ደግሞ ተኮሰ፣ ደግሞ። ተነስቶ ወደ ካርቶኑ ሄደ። ቀዳዳዎቹ በአንድ የኮት ቁልፍ የሚሸፈኑ ነበሩ። ጎበዝ ነው ብዬ ፊቱን አየሁ፤ ፊቱ ግን መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነው።

"ቀዝቃዛውን አልሳተም" አለ ለአጎቴ።

"ያኔ ሞቆ ነበር፤ ቀደም ብዬ ደጋግሜ ተኩሻለሁ" አለ አጎቴ።

"እናሙቀዋ።"

ሌላ ካርቶን ሰቀለና አከታትሎ ይተኩስ ጀመር። ትከሻው እየተገፋ፣ ቀለሆቹ እየተንጫጩ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን እስኪሞላው። በመጨረሻ ቧንቧውን በጣቱ ነካ አደረገና እጁን በፍጥነት ሳበ። "ሞቀ" አለ። አጎቴን አጥብቄ ያዝኩት። ቂሙ የሚወጣው አሁን ነው።

አባቴ አነጣጠረ። ሲያነጣጥር ለራሱ የሚያወራ መስሎት ጮክ ብሎ እንዲህ ይል ነበር፦ "ሳት እንጂ። አንድ ጊዜ ሳት። ምናለበት?"

አልሳተም። ቀዳዳዎቹ ካለፈው በጥፍር ያህል ፈቀቅ ብለው ይሆናል እንጂ ተቃቅፈው ነው ያሉት። ሰደፉ ይጫነው ይሆናል ብሎ ብሎኑን አላላ፤ ሌላ ዓይነት ጥይት አጎረሰው፤ ቁልቁል ይዞ ሞከረው። ሰበብ ሁሉ አለቀበት። ኮቱን ቢያወልቅ ላብ እንዳጠመቀው ይታይ ነበር፤ ግን አላወለቀም። ከዚያ ካዝናውን ሞልቶ ጠመንጃውን ለአጎቴ ዘረጋለት።

"ና፣ አንተ ሞክረው። ያን ቀን እንደያዝከው ያዘው።"

"እጄ ይንቀጠቀጣል ጋሼ።"

"ያኔስ?"

አጎቴ እጄን ከወገቡ ላይ አላቆ ተነሳ። ተንበርክኮ ተኮሰ። ከካርቶኑ ራቅ ብሎ በስተቀኝ ገደሉ ላይ ብናኝ ቦነነ።

"አየህ! አየህ ወደ ቀኝ ሲሄድ!"

አባቴ ግን ሲያይ የነበረው ካርቶኑን አልነበረም። "አፈሙዙን ስትጎትተው አየሁህ" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ድምፁ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። "አንተ ልጅ፣ ጓደኛህ ምን አድርጎህ ነው? እህቴን አልሰጥህም ስላለህ ነው?"

አጎቴ ጠመንጃውን አጥብቆ እንደያዘ ነው።

"ነገ ጠዋት ጠመንጃውንም ካርቶኖቹንም ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ቀድመኸኝ ራስህ ብትሄድ ይሻልሃል።" ይህን ብሎ ካርቶኑን ሊያወርድ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።

የተሞላ ጠመንጃ እንዴት አስይዘህ ትሄዳለህ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "ስለ ቧንቧው ነበር የማስበው" ነው መልሱ ሁልጊዜ። እውነቱን ነው ብዬ አምነዋለሁ። አእምሮው እዚያ ቀዳዳዎቹ ላይ ቀርቶ ነበር።

አጎቴ ሲያቀባብል ሰማሁ። መቀርቀሪያው ሄዶ ሲመለስ ጥጡን አልፎ ተሰማኝ፤ አባቴ ግን አልሰማም። አጎቴ ዓይኑን ጠመንጃው ላይ ባለው የማነጣጠሪያ መነጽር ላይ አደረገ። እጁ አሁን አይንቀጠቀጥም። እንደገና ሊሞክር ነው አልኩ። እንደገና ሞክሮ ካልሳተስ? "ካልሳተ አለቀለት" ነው የተባለው። አባዬን አሁኑኑ ካልለመንኩት አጎቴ ሊያልቅለት ነው።

ሮጥኩ። ብናኙ እየያዘኝ፣ ቀጥ ብዬ ወደ አባቴ፣ "አባዬ! አጎቴን እንዳትገድለው!" እያልኩ። አባቴ አልሰማኝም። እግሩ ላይ ተጠምጥሜ ነው ዘወር ያለው።

እኔን አየኝ፤ ከዚያ ከራሴ በላይ ወደ ኋላዬ አየ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። አልጮኸም። ከመሬት አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፈኝና ጀርባውን ወደ አጎቴ አዞረ። ጎንበስ ብሎ እንደ እንቁላል ያዘኝ፤ እግሬ እንኳ እንዲወጣ አልፈቀደም። ልቡ ጆሮዬ ላይ ልክ እንደ ማሽኑ ይቀጠቅጣል። ጨምቆ ሊገድለኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። "እሺ ሚጡዬ፣ እሺ" ይለኛል፤ አይለቀኝም። እንደዚያ ቆምን። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም።

ከዚያ ብረት ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። አባቴ ቀስ ብሎ ሲዞር በብብቱ ሥር አሾልኬ አየሁ። አጎቴ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ምስኪን፣ አባዬ እንዴት እንዳስፈራራው አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ፖሊሶች መጥተው አጎቴን ከቤታችን ወሰዱት። እናቴ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። ካርቶኖቹን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ከፖሊሶቹ ኋላ የሄደው አባቴ ነው። እናቴ ለረጅም ጊዜ ምግቡን ፊቱ አስቀምጣ ዝም ብላ ከመሄድ በቀር ቃል አልተነፈሰችለትም። እኔም መንገድ ስንሻገር እጄን ሊይዘኝ ሲል ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር።

ፍርድ ቤት የፀጉር ቆራጩ እህት ቀርባ፣ አጎቴ ሊያገባት ጠይቆ ወንድሟ እንደከለከለው፣ ከአደኑ በፊት ባለው ቀንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንገት ለአንገት እንደተያያዙ ተናገረች። ተፈረደበት። እሱ ግን አንድም ቀን አላመነም። "ጠመንጃው ነው የሳተው" እንዳለ እስር ቤት ገባ። በዚህ የተነሳ የሚያምኑት ነበሩ። አባቴ ሲያልፍ "የሱ ቧንቧ አይደል ሰውየውን የበላው" የሚል አይጠፋም ነበር። ሰው አይስማው እንጂ እሱ ራሱም አንዳንዴ ይጠራጠር ነበር። አንድ ጊዜ ምናልባት፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ስቶ ቢሆንስ? ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ስለዚህ ነገር ሲያነሳ ይሰማል፤ ሲያንሾካሹክ ነዋ።

አጎቴ ተፈትቶ ሲመጣ እኔ ልጆች አሉኝ። አባቴ ከአጥሩ አላሳልፈውም አለ። አጎቴ ግን እሁድ እሁድ እየመጣ በሩ አጠገብ ያለው ግንብ ላይ ይቀመጣል፤ እናቴ ምግብ ታወጣለታለች። አንድ እሁድ ጉልበቷን አሟት ሳህኑን እኔ ይዤ ወጣሁ። አርጅቷል። ጥርሱ ሳስቷል። "ድምቡሼ" አለኝ፤ ጎኑ ተቀመጥኩ።

"አጎቴ" አልኩት ከቆየን በኋላ፣ "ያን ቀን ካባው ውስጥ በመነጽሩ ምን ነበር የምታየው?"

የጎረሰውን አላመጠና ዋጠ። ሊቆጣ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

"የአባትሽን ኮት። ጀርባው ላይ ስፌቱ የተተረተረች ቦታ ነበረች፤ እሷ ላይ አነጣጥሬ ነበር። ከዚያ መነጽሩ በሙሉ ቢጫ አበባ ሆነ።"

"ብትተኩስ... ይስት ነበር?"

"ያ ጠመንጃ?" ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። "እሱ አይስትም። ያኔም ጫካ ውስጥ አልሳተም።"

ሳህኑን አንስቼ ገባሁ። አባቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ በመስኮት ሲያየን ነበር።

"ምን አለሽ?"

"ጠመንጃው አልሳተም አለኝ" አልኩት ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ። "ያን ጊዜም አልሳተም አለኝ።"

"በራሱ አፍ?"

"በራሱ አፍ።"

ስለ ኮቱና ስለ ቢጫው አበባ አልነገርኩትም። አባቴ ሁለት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። ገለበጣቸውና ደግሞ አያቸው። ግራሶው ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል። ትንፋሹ ሲወጣ ከደረቱ አንድ ነገር አብሮ የወጣ ያህል ትከሻው ወረደ።

"እንግዲያው ግባ በይው" አለ። "ውጭ ይበርዳል።"

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ወጣሁ። አጎቴ ከግንቡ ላይ ተነስቶ ሱሪውን ሲያራግፍ አገኘሁት።

"ግባ ተብለሃል።"

በሩ ላይ ስንደርስ እንደ ደንቡ ገለል አለልኝ።

"ቅደሚ" አለኝ።

"አይ፣ አንተ ቅደም።"

"ኧረ ቅደሚ ድምቡሼ!"

"በፍጹም። አንተ ቅደም" አልኩት። ለታላቅነቱ ያከበርኩት መስሎት ፈገግ እያለ ገባ። እኔ ግን ጀርባዬን ልሰጠው ስላልደፈርኩ ነው።